ለበሬ የተጠራ ስም

ወንድሜ ከመሞቱ በፊት የነበረው ቀን ምንም የተለየ ነገር አልነበረውም። ይህን አስቀድሜ የምጽፈው ሰዎች ሲያወሩ ስለምሰማ ነው። አንድ ሰው በድንገት ሲሞት «ፊቱ ላይ ያስታውቅ ነበር» ይላሉ። ምንም አያስታውቅም ነበር። አጠገቡ ነበርኩ።

ሐምሌ ማለቂያ ነው። የፍልሰታ ጾም ሊገባ ጥቂት ቀን ቀርቶታል። ከደብረ ብርሃን ለክረምት ዕረፍት ከመጣሁ ሦስት ሳምንት ሆኖኛል። ጠዋት ዘነበ፣ ከዚያ ጉም ወረደ፣ ጉሙ ሳይነሣ እንደገና ዘነበ። እናቴ ውስጥ ሆና የበግ ጠጉር ትፈትላለች። ወንድሜ ከቤቱ ክፈፍ ሥር፣ ውሃ የማይደርስበት ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ምራን ይጠግናል። ምራን ሞፈርና ቀንበርን አንድ ላይ የሚያስረው ጠፍር ነው፤ እሱ ከተበጠሰ እርሻ የለም። ለምስር የቀረች አንዲት ቁራጭ መሬት ነበረችን፤ ዝናቡ ፋታ ሲሰጥ ሊያርሳት ነው። ጠፍሩን ከሞላሌ ገበያ ከገዛው ገና ወር አልሞላውም። ውሃ ሲነካው እንደ አንጀት ይላላል፣ ሲደርቅ ደግሞ ይሰነጠቃል እያለ ያጉረመርማል።

እኔ መጽሐፍ ይዤ ግድግዳውን ተደግፌ ቆሜአለሁ። «ሙሉ ቆዳ ከነበሬው ቀብረህ ጠፍር ከገበያ ትገዛለህ» አልኩት።

ይህ የእኔ ቀልድ አይደለም። የአገሩ ሁሉ ቀልድ ነበር፤ እኔ ደገምኩት እንጂ አልፈጠርኩትም። ቀልዱ እንዲገባ ግን ስለ ዳለቻው በሬ መናገር አለብኝ።

አባታችን ሲሞት ወንድሜ እርሻ የጀመረ ጎረምሳ ነበር፤ እኔ ገና ፊደል ያልቆጠርኩ ልጅ። በዚያ ዓመት ያልተገራ አንድ ወይፈን ነበረን፤ መልኩ ዳለቻ። ወንድሜ ራሱ ገራው። ከዚያ ጀምሮ ያበላን ያ በሬ ነው። እኔን ትምህርት ቤት የላከኝም እሱ ነው ብል ውሸት አይሆንብኝም። አጣማጁ ሦስት ጊዜ ተለወጠ። አንዱ ገደል ገባ፣ አንዱ ተሸጠ፣ አንዱ ታመመ። ዳለቻው ግን እዚያው ነበር። ወንድሜ ሲያርስ ብዙ አይጮኽም፤ እንደ ሌላው ሰው ጅራፍ አያጮኽም። ከበሬው ጋር ያወራል። «ና እንጂ፣ አሁን እኮ ልንጨርስ ነው» ይለዋል፤ ገና ግማሽ ቀን ቀርቷቸው። ልጅ ሆኜ በሬውን ለምን እንደሚዋሸው ጠይቄው ነበር። «እሱም እንደምዋሸው ያውቃል» አለኝ።

ከዚያ ቀን በፊት በነበረው ዓመት አረጀ። ጥርሱ አለቀ። ከተኛ ጭራውን ይዘው ካላነሡት አይነሣም። ጎረቤቶቻችን መጥተው ወንድሜን መከሩት። በእግሩ ቆሞ ሳለ በሥላሴ ስም ይባረክና ለፋሲካ ቅርጫ እንካፈለው፤ አንተም ሥጋህን ትወስዳለህ፣ ቆዳህንም ታስቀራለህ አሉት። ምክሩ ክፉ አልነበረም፤ ሁሉም የሚያደርገው ነው። ወንድሜ ነገ ከነገ ወዲያ እያለ ሁዳዴ እኩሌታ ላይ በሬው ሞተ።

ቢላዋ ሳይነካው የሞተ ከብት በክት ነው። በክት አይበላም። ቆዳው ይገፈፋል፤ ሌላው ለጅብና ለአሞራ ገደል አፋፍ ላይ ይጣላል። ይህ ከዱሮ ጀምሮ ያለ ነገር ነው፤ ማንም ለምን ብሎ አይጠይቅም። ወንድሜ ግን ከማሳው ጀርባ ሁለት ቀን ሙሉ ጉድጓድ ቆፈረ። በሌላው በሬ አስጎትቶ ዳለቻውን ከነቆዳው ቀበረው። ያገዘው ሰው አልነበረም።

እኔ ያን ጊዜ ትምህርት ቤት ነበርኩ። የሰማሁት ለፋሲካ ስመጣ ነው፤ የሰማሁትም ከቤት ሳይሆን ከመንገድ ነው። ወንድሜን ባዩት ቁጥር «ሰልስቱ መቼ ዋለ?» ይሉታል። «ለተዝካሩ ጠላው ደረሰ ወይ?» ይሉታል። እሱም አብሮ ይስቃል። ሚስቱ ጥላው ወደ ግሼ፣ ወደ አባቷ ቤት ከሄደች ያን ጊዜ ዓመት አልሞላትም። ልጅ አልነበራቸውም። ሰዎቹ ስለ ሚስቱ መቀለድ ስላፈሩ ስለ በሬው ይቀልዱ ነበር መሰለኝ። እኔ ደግሞ አፈርኩበት። ልዋሽ አልፈልግም፤ በወንድሜ አፈርኩ።

ወደዚያ ቀን ልመለስ።

ስለ ጠፍሩ የተናገርኩትን ሲሰማ አልተቆጣም። የምራኑን ጫፍ በጥርሱ ይዞ አጠበቀና «አንተ ተማሪ» አለኝ። እንደዚያ ነበር የሚጠራኝ። «እስኪ ንገረኝ። እዚያ ትምህርት ቤታችሁ፣ ከብት ሲሞት ወዴት ይሄዳል ይሏችኋል?»

ጥያቄው ደስ አለኝ። የተማርኩትን የሚጠይቀኝ ሰው ብዙ አልነበረም። የሳይንስ አስተማሪያችን ያሉትን ነገርኩት። ሥጋው ይበሰብሳል፣ አፈር ይሆናል፣ አፈሩ ሣር ያበቅላል፣ ሣሩን ሌላ ከብት ይግጠዋል፤ ይኸው ነው አልኩት። አልጣመውም መሰለኝና በቤተ ክርስቲያን በኩል ዞርኩ። ልጅ ሆኜ ዳዊት ደግሜአለሁ፤ ከየኔታም የሰማሁት አለ። የሰው ነፍስ የእግዚአብሔር እስትንፋስ ናት፣ አትሞትም። የከብት ግን ደመ ነፍስ ነው። ነፍሱ ደሙ ነው፤ ደሙ ሲፈስ ነፍሱም አብራ ታልቃለች፣ የሚቀር ነገር የለም አልኩት። ሁለቱ ትምህርቶች አንድ ላይ ስለገጠሙልኝ ኮራሁ።

«ደሙ ሲፈስ» አለ።

«አዎ።»

«እኔ ደሙን አላፈሰስኩትም።»

መጀመሪያ ምን ማለቱ እንደሆነ አልገባኝም።

«ከነደሙ ነው የቀበርኩት» አለ። «አንዲት ጠብታ አልወጣችውም። ነፍሱ ደሙ ከሆነች፣ ደሙም ካልፈሰሰ፣ ታዲያ የት ሄደች?»

ፊደል ያልቆጠረ ሰው ነው። እኔ መጽሐፍ ይዤ ቆሜአለሁ። ይህ ከሆነ ሁለት ዓመት አለፈ፤ ደብረ ብርሃን ተመልሼ፣ ክፍል ውስጥ ቁጭ ብዬ፣ አስተማሪው ሌላ ነገር ሲናገር እኔ ይህን ጥያቄ እያነሣሁ እጥላለሁ። አሁንም መልስ የለኝም። ያን ጊዜ ደግሞ መልስ እንደሌለኝ ማመን አልቻልኩም። «እንደሱ አይቆጠርም» አልኩት። እንዴት እንደሚቆጠር ግን አልነገርኩትም፤ አላውቅማ።

ወደ ቤቱ ውስጥ አየት አደረገ፤ እናቴ እንዳትሰማ ነው። ድምፁን ዝቅ አደረገ። ከዚያ ለማንም ነግሮት የማያውቀውን ነገረኝ።

ዳለቻው በሞተ በሳምንቱ ወደ ቄሱ ሄዷል። ቆላ ወርዶ የሞተ ዘመድ አለኝ፣ በቅዳሴ ጊዜ ስሙን ከሙታን ጋር ይጥሩልኝ ብሏቸዋል። ቄሱ ከመርሐቤቴ በኩል ወደ ደብራችን ከመጡ ሁለት ዓመት ቢሆናቸው ነው። እኛን ሁሉ ክርስትና ያነሡን አሮጌው ቄስ ሞተዋል፤ አዲሱ የሚያውቁን በዓለም ስማችን ነው። ስለዚህ የሟቹን የክርስትና ስም ጠየቁት።

«ስም ሲሉኝ ጨነቀኝ» አለ ወንድሜ። «ለበሬ የክርስትና ስም ከየት ይመጣል? ፈጥሬ እንዳልናገር የሐሰት ስም መቅደስ ሊገባ ነው። የራሴን ሰጠኋቸው። እሱ ይዋሰው፣ እኔ ገና ነኝ ብዬ።»

ከዚያ ወዲህ የደብራችን ታቦት በዓል በየወሩ ሲመጣ መገበሪያ ስንዴና ጧፍ ይዞ ይሄዳል፤ ቄሱም ስሙን ከሙታን ጋር ይጠሩታል። ስሙ በ«ገብረ» የሚጀምር ነው፤ ሙሉውን እዚህ አልጽፈውም። ገብር በግዕዝ አገልጋይ ማለት እንደሆነ ዱሮ የነገርኩት እኔ ራሴ ነኝ። «ታዲያ ከእኔ ይልቅ ለእሱ አይስማማውም?» ብሎ ሳቀ። ሳቁ ወዲያው ጠፋ።

«ኃጢአት ይሆን?» አለኝ።

አሁን ሳስበው ዋናው ጥያቄ ይህ ነበር። ከብት ወዴት ይሄዳል ያለኝ ወደዚህ ሊደርስ ነው። ሦስት ሳምንት ሙሉ ሊጠይቀኝ ሲፈልግ ቆይቶ ይሆናል። ማለት የነበረብኝ ብዙ ነገር አለ። አላውቅም ማለት እችል ነበር። ለቄሱ ንገራቸው ማለት እችል ነበር። ዝም ማለትም እችል ነበር። ግን በደሙ ነገር ረትቶኛል፤ በዚያ ተናድጃለሁ።

«በክት እኮ ነው» አልኩት። «ዓመት ሙሉ ለበክት ስታስቀድስ ከርመሃል።»

በክት ለከብት ሲሆን ስም ነው፤ ለሰው ሲሆን ስድብ ነው። እኔ ለየትኛው እንዳልኩት… ለሁለቱም ነው መሰለኝ። ወንድሜ ያሰረውን ቋጠሮ ፈታና እንደገና ማሰር ጀመረ። ጥቂት ቆይቶ «ለእማዬ እንዳትነግራት» አለ። «ለማንም።» ማታ ራት ላይ ጨው አቀብለኝ ማለቱን አስታውሳለሁ። ሌላ ያለኝን አላስታውስም።

በማግስቱ ረፋዱ ላይ ዝናቡ አባራ። ወንድሜ የበግ ጠጉር ባናውን ደርቦ ዶማውን ያዘ። መሬቷ ላይ ውሃ ተኝቶ እንደሆነ ፈሰስ ሊያወጣላት ነው። በሌላ ቀን ቢሆን «ና አንተ ተማሪ» ይለኝ ነበር። አልጠራኝም። እኔም እንዳልጠራኝ ያላወቅኩ መስዬ መጽሐፌን ገለጥኩ።

እኩለ ቀን ሲሆን በጓሳ በኩል ጥቁር ደመና መጣ። ዝናቡ ገና አልጀመረም። አንድ ጊዜ በረቀ። ብርሃኑ ከታየ እስኪነጎድ ድረስ ሰከንድ ቆጥሮ ርቀቱን ማወቅ በትምህርት ቤት ተምረን ነበር። ቆጠርኩ። አንድ ብዬ ሁለት ሳልል ነጎደ። ቅርብ ነው አልኩና ወደ ንባቤ ተመለስኩ። ይህን ማንም አያውቅብኝም።

ወንድሜን ማሳው ላይ ወድቆ ያገኘው ጎረቤታችን ነው። አራት ሆነው በቃሬዛ አመጡት። ባናው በአንድ ወገን ተለብልቧል። ፊቱ ላይ ምንም የለም፤ እንቅልፍ የወሰደው ይመስላል ማለት ይቻላል፣ ግን አይመስልም ነበር። እናቴ ጮኸች። እንዴት እንደጮኸች ለመጻፍ ሞክሬ ሁለት ጊዜ ሰርዣለሁ፤ ልተወው።

ከሰዓት በኋላ ቄሱ መጡ። ቤቱ ሞልቷል። ሬሳው ታጥቦ ተገንዟል፤ ቀብሩ ለነገ ጠዋት ተቆርጧል። ቄሱ ጸሎት ሊጀምሩ ለፍትሐቱ የክርስትና ስሙን ጠየቁ። እናቴ ነገረቻቸው።

የቄሱ እጅ መጽሐፉ ላይ ቀረ። «ማን አሉኝ?» አሉ።

ደገመችላቸው። ከመጽሐፉ ማኅደር ውስጥ የታጠፈ ወረቀት አወጡ፣ አነበቡ፣ መልሰው አጠፉት። ከዚያ ይህን ስም ካምና ጀምሮ ከሙታን ጋር ሲጠሩት እንደከረሙ ተናገሩ። ያስጻፋቸውም ይኸው የሞተው ልጅ ራሱ እንደሆነ፣ ቆላ ወርዶ የሞተ ዘመድ አለኝ እንዳላቸው ተናገሩ። በክፋት አይደለም፤ ግራ ገብቷቸው ነው። ግን ቤቱ ውስጥ ሃያ የሚሆን ሰው ነበር።

እናቴ እንዲህ ያለ ዘመድ እንደሌለን ታውቃለች። ያን ስም ከልጇ በቀር የሚጠራበት ሰው በዘራችን እንደሌለም ታውቃለች።

«ራሱን ነው ያስጠራው» አለች።

አንዲት ጎረቤት በሕይወት ያለ ሰው ስም ከሙታን ጋር ሲጠራ ሞት ይሰማዋል አለች። ሌላዋ ሚስቱ ከሄደች ወዲህ መቼ ሰው ሆኖ ያውቃል አለች። እናቴ ማልቀሷን አቆመች። ከጩኸቷ ይልቅ ይህ አስፈራኝ። ወደ ጥግ ሄዳ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። «መኖር ታክቶት ኖሯል፣ እኔ አላየሁለትም» ትላለች፤ የምትናገረው ለማንም አይደለም። «ሞቱን ለምኖ ነው ያገኘው። ልጄ ሞቱን ለምኖ።» ሴቶቹ ሊያስለቅሷት ሞከሩ። አንዲት እንባ አልወጣትም።

እውነቱን የማውቀው እኔ ብቻ ነበርኩ። አንድ ዓረፍተ ነገር ብናገር እናቴ ልጇ ሞቱን እንዳለመነ ታውቃለች። አፌን ከፍቼ ነበር። ቀና ስል ግን «ሰልስቱ መቼ ዋለ?» ሲሉት የነበሩትን ሰዎች አየሁ፤ ባናቸውን ደርበው በሩ አጠገብ ቆመዋል። ብናገር ወንድሜ በሳቅ ሊቀበር ነው። ቄሱም በመቅደስ ውስጥ በሬ ሲያስቡ እንደከረሙ ያውቃሉ፤ ፍትሐቱን ቢከለክሉትስ? ደግሞም ለማንም እንዳትነግር ብሎኛል። ምክንያቶቼ ሁሉ እውነተኞች ነበሩ። ከእነሱ በታች የነበረውን ግን አውቀዋለሁ። ብናገር «መቼ ነገረህ? አንተስ ምን አልከው?» ሊሉኝ ነው።

ዝም አልኩ። እናቴ ፊቷን ወደ ግድግዳው እንዳዞረች ቀኑ መሸ። ወንድሜ ያረሰው እኔ እንድማር ነው፤ የተማርኩት ደግሞ በቀላሉ መናገር የምችለውን ነገር ዝም ለማለት ምክንያት መደርደር ሆነ።

በማግስቱ ጠዋት ሰማዩ ጥርት ብሎ ነበር። ይህም አናደደኝ። ወንዶቹ መቃብር ሊቆፍሩ ሲወጡ አብሬአቸው ሄድኩ። ቄሱ ከደጀ ሰላሙ አጠገብ ቆመዋል። መስቀል ተሳለምኩና «አባ፣ ስለ ስሙ የምነግርዎት አለ» አልኩ። ከዚያ አፌ ተያያዘ። ከመሐሉ ጀመርኩ፣ ወደ ኋላ ተመለስኩ፣ ስለ ቅርጫው ተናገርኩ፣ ስለ ጠፍሩ ተናገርኩ። እሳቸው አላቋረጡኝም። በመጨረሻ ሁሉንም አወጣሁት፤ በክት ያልኩትንም ጭምር።

ፊታቸው ጠቆረ። «በሬ» አሉ። «መቅደስ ቆሜ በሬ ነው ስጠራ የከረምኩት?»

«ስሙ የሰው ነው አባ።»

ይህን ያልኩት ልከላከል ብዬ ነው፤ አስቤበት አይደለም። እሳቸው ግን ቆም አሉ። ጥቂት እርምጃ ሄደው ተመለሱ። አሁን ይከለክላሉ ብዬ እየጠበቅኩ ነው።

«ስሙ የማን ነው?» አሉኝ።

«የወንድሜ።»

«እንግዲያው ጸሎቱም የእሱ ነው። ስም እንደ ቀንበር አይዋሱትም። የተጠራው ማን እንደሆነ እግዚአብሔር ያውቃል። ወንድምህ ፍትሐቱ አስቀድሞ ደርሶታል፤ ይህን ለእናትህ ንገራት።»

መጽናናት ነበረብኝ። እኔ ግን ተናደድኩ። ወንድሜ የሰጠውን መልሰው ለራሱ ሰጡት። ዓመት ሙሉ ስንዴና ጧፍ ይዞ የተመላለሰለትን በሬ እሳቸው በአንድ ቃል ባዶውን አስቀሩት።

«በሬውስ?» አልኩ።

«በሬ ምን ኃጢአት ሠራ? ፍትሐት ማለት መፍታት ነው። እሱን ያሰረው ቀንበር ብቻ ነበር፤ እሱም ወርዶለታል።»

ቅኔ አልጠየቅኳቸውም። «ይነሣል ወይ አባ?» አልኩ። «ደሙ ሳይፈስ ነው የተቀበረው። ነፍሱ ደሙ ከሆነች የት ሄደች?» የወንድሜን ጥያቄ በወንድሜ ቃል ነው የጠየቅኳቸው። ጮኼ ነበር መሰለኝ፣ ቆፋሪዎቹ ቀና ብለው አዩን።

ቄሱ ትክ ብለው አዩኝ። «አላውቅም» አሉ። «እኔም የተማርኩት አንተ ለወንድምህ የነገርከውን ነው።»

እንዲህ ቀላል ነበር። አላውቅም። አንድ ቃል ነው። ሽማግሌ ቄስ፣ መስቀል በእጃቸው ይዘው፣ ሳያፍሩ አሉት፤ እኔ ለወንድሜ ልለው ያልቻልኩት።

ለማንም እንደማይናገሩ፣ ነገር ግን አስከሬኑ ሳይወጣ እናቴ መስማት እንዳለባት ነገሩኝ። ሮጬ ተመለስኩ። ቤቱ ሴቶች ሞልተውታል፤ አልቃሿ መሐል ላይ ቆማ ታወርዳለች፣ ሌሎቹ ይቀበሏታል። እናቴ እዚያው ጥግ ናት። ዓይኗ ደረቅ ነው። አጠገቧ ተንበረከኩና በጆሮዋ ነገርኳት። አልሰማችኝም። ደገምኩ። «ምን?» አለች። ጩኸቱ ከጣራ በላይ ነው። ድምፄን ከፍ አደረግኩ፣ አሁንም «ምን?» አለች። በዚህ ተበሳጨሁ፤ በእናቴ አይደለም፣ በሁሉም ነገር።

«ለበሬው ነው» ብዬ ጮኽኩ። «ስሙን ያስጠራው ለዳለቻው ነው!»

አልቃሿ ልክ ያን ጊዜ ትንፋሽ ልትወስድ አቁማ ነበር። ቃሌ ቤቱን ሞላው። ሴቶቹ ዞሩ። በሩ አጠገብ የቆሙት ወንዶች ዞሩ። አንዱ እንደ ሳል ያለ ነገር አወጣ፤ ሳል ግን አልነበረም።

እናቴ እኔን ብቻ ነው የምታየው። «ለዳለቻው?» አለች።

«ለዳለቻው። ስም ሲሉት ጨነቀው። የራሱን አዋሰው።»

«ሞት አልለመነም?»

«አልለመነም። እኔ ገና ነኝ ነው ያለኝ።»

«መቼ?»

«ከትናንት ወዲያ።»

ምን እንዳልኩት አልጠየቀችኝም። ትጠይቀኛለች ብዬ የፈራሁትን ያህል ደግሞ እንድትጠይቀኝ ፈልጌ ነበር። ሁለት እጇን ጭንቅላቷ ላይ ጫነች። «እኔን፣ ሞኝ ልጄ» አለች፤ ከንፈሯ ወደ ሳቅ ሄዶ ነበር፣ እምላለሁ፣ ከዚያ አፏ ተከፈተና አለቀሰች። ከትናንት ከሰዓት ጀምሮ ታቁሮ የነበረው እንባዋ ሁሉ መጣ። ደረቷን ስትመታ ሴቶቹ እጆቿን ያዟት። አልቃሿ ምን እንደምትል ጠፍቶባት ጥቂት ቆመችና ካቆመችበት ቀጠለች።

ቃሬዛውን ልናነሣ ስንል የፊተኛውን ቀኝ ጫፍ እኔ ያዝኩ። መንገዱ ጭቃ ነው፤ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ አቀበት ነው። ከኋላችን የሚከተሉት ወንዶች ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ያወራሉ። ስለ ምን እንደሚያወሩ መስማት አያስፈልገኝም ነበር። «ለዳለቻው?» ሲል አንዱን ሰማሁት። ሌላው «ከነቆዳው መቅበሩ ለካ» አለ። ትከሻዎች ሲንቀጠቀጡ ሳላያቸው ታወቁኝ። በዚያ ጠዋት ዞሬ አንዱን በቡጢ ብመታው ደስ ይለኝ ነበር። ቃሬዛውን መልቀቅ አልችልም።

ከመሐላቸው አንዱ ደግሞ፣ ያ ለፋሲካ ቅርጫ ሲለምን የነበረው ጎረቤታችን ይመስለኛል፣ እየሳቀ «ታዲያ በሬው ጸደቀ ማለት ነው?» አለ።

ማንም አልመለሰለትም። ሳቁም እዚያው ቆመ። የሚመልስለት ተማሪ ካለ ብለው ይሁን ወይም እንዲሁ፣ ሁለት ሦስቱ ወደ እኔ ሲያዩ ተሰማኝ። እንጨቱ ትከሻዬን ላጥ አድርጎታል። ጎንበስ ብዬ ወደ ግራ ትከሻዬ አዛወርኩትና አቀበቱን ቀጠልኩ።